የሒሳብ የቤት ሥራን ወደ ኮርሱ ገጽ ማምጣት፦ ሙድል ብቻውን ይበቃል ወይስ ሌላ ነገር ማገናኘት ያስፈልጋል?

አልጀብራ_በጠዋት

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሒሳብ አስተምራለሁ። ዩኒቨርሲቲው ሙድል የተባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ሥርዓት አለው፤ የኮርሳችን ገጽ ግን እስካሁን ሞጁል የሚሰቀልበት ቦታ ብቻ ነው። ተማሪው ፒዲኤፉን ያወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አይገባም።

የቤት ሥራ የምንሰጠው በወረቀት ነው። ሴክሽኖቹ ትልልቅ ስለሆኑ ወረቀቱ ታርሞ ሲመለስ እኛ ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ነን፤ ተማሪውም ውጤቱን አይቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል እንጂ የት እንደተሳሳተ አይመረምርም። ግማሹ ደግሞ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ የመደመር ምልክቱ ስህተት እንኳ ሳይቀር ይገለበጣል።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር የቤት ሥራውን በኮርሱ ገጽ ላይ ለማድረግ አስቤያለሁ። ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያርም፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥሩ እንዲለያይ፣ ውጤቱም በቀጥታ ወደ ነጥብ መዝገቡ እንዲገባ እፈልጋለሁ። በጀት የለም። ከሙድል ውስጥ ባለው ልጀምር ወይስ ከውጭ ላገናኝ? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ።

ሰርቨር_ቤት

ከመልሱ በፊት ጥያቄ አለኝ። ሰርቨሩ በግቢው ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ የተከራያችሁት ቦታ ላይ? ብዙውን ነገር የሚወስነው ይህ ነው።

በግቢው ውስጥ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቆይና አንድ ነገር ይሞክሩ። ከውጭ ኢንተርኔት የማያገኝ፣ የግቢውን ኔትወርክ ብቻ የሚያይ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጡና በላቴክ (ቀመርን በኮድ መጻፊያ ዘዴ ነው) የተጻፈ አንድ ቀመር ይክፈቱ። ሙድል ቀመሮችን የሚያሳየው ማትጃክስ በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ማትጃክስ ደግሞ እንደ ነባሪ፣ ማለትም ማንም ካልለወጠው፣ የሚጫነው ከውጭ አድራሻ ነው። የውጭው መስመር በተቋረጠ ቁጥር ተማሪው በኢንቲግራል ምልክት ፈንታ በስላሽና በቅንፍ የተሞላ ኮድ ያያል፤ ጥያቄው የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሲስተሙ ኃላፊ የማትጃክስን ቅጂ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ያስቀምጥና በማጣሪያዎቹ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን አድራሻ ይለውጥ። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው የመጀመሪያው የቤት ሥራ በወጣበት ምሽት ነው።

ቀመር_ሰሪ

እኔ ሙድል ውስጥ ካለው ይጀምሩ ባይ ነኝ። ምንም መጫን ሳያስፈልግ ሁለት የጥያቄ ዓይነቶች አሉልዎት። አንደኛው ቁጥራዊ የሚባለው ነው፤ ቋሚ መልስና የሚፈቀድ የስህተት መጠን ይሰጡታል። ሁለተኛው ስሌታዊ የሚባለው ነው፤ ጥያቄው ውስጥ በጥምዝ ቅንፍ ተለዋዋጮችን ያስቀምጣሉ፣ መልሱን በቀመር ይጽፋሉ፣ ሙድል ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ቁጥር ያወጣል። ለአንድ ተለዋዋጭ እስከ 100 ዋጋ ማዘጋጀት ይቻላል። የሚያስጨንቅዎት ኩረጃ በአብዛኛው እዚህ ይቀንሳል፤ ቢያንስ ተማሪው ከጓደኛው የሚወስደው መልሱን ሳይሆን አሠራሩን ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ጥናት ነው።

ቁጥሮቹን በጭፍን አያውጡ። ባለ ሁለተኛ ደረጃ እኩልታ ሲያዘጋጁ የእኩልታውን ቁጥሮች በዕጣ ካወጡ አንዱ ተማሪ ንጹሕ ሙሉ ቁጥር ይደርሰዋል፣ ሌላው የ37 ካሬ ሥር ይዞ ያድራል፣ ሦስተኛው ጭራሽ እውን ሥር የሌለው እኩልታ ያገኛል። ከመልሱ ተነሥተው ወደ ጥያቄው ይሂዱ፤ ሁለቱን ሥሮች በዕጣ ያውጡ፣ ድምራቸውንና ብዜታቸውን ሙድል ራሱ አስልቶ በጥያቄው ውስጥ እንዲያስቀምጥ ያድርጉ። ሁለቱ ሥሮች እኩል የሆኑባቸውን ረድፎች ደግሞ አይተው ያውጡ።

ሌላው የሚፈቀደው የስህተት መጠን ነው። ስሌታዊ ጥያቄ ላይ ነባሪው 0.01 አንጻራዊ ነው፤ አንድ በመቶ ማለት ነው። የማትሪክስ ዲተርሚናንቱ 200 ከሆነ 199 የጻፈውም 202 የጻፈውም ሙሉ ነጥብ ያገኛል! በተቃራኒው ትክክለኛው መልስ 0 ሲሆን የዜሮ አንድ በመቶ ዜሮ ነውና ምንም ልዩነት አይፈቀድም። መልሱ ሙሉ ቁጥር በሆነ ቁጥር አንጻራዊውን ትተው ፍጹም ልዩነትን ይምረጡና ጠበቅ ያድርጉት።

አልጀብራ_በጠዋት

አመሰግናለሁ፤ የዲተርሚናንቱ ነገር በጣም ጠቃሚ ነው። ሰርቨሩ በግቢ ውስጥ ነው፤ ማትጃክሱን የአይሲቲ ባልደረቦችን እጠይቃለሁ።

ግን ቁጥር ብቻ የሚመለስባቸው ጥያቄዎች የኮርሱን ግማሽ እንኳ አይሸፍኑልኝም። «የዚህን ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ ፈልግ» ስል መልሱ ቁጥር አይደለም። «ፋክተር አድርግ» ስልም እንደዚሁ። በምርጫ ጥያቄ ላድርገው ብል ደግሞ ተማሪው አራቱንም ምርጫዎች ወደ ኋላ እያባዛ ይፈትሻል፤ ፋክተር ማድረግን አልፈተንኩትም ማለት ነው።

ቀመር_ሰሪ

እዚያ ላይ ስታክ ይመጣል። ክሪስ ሳንግዊን በእንግሊዝ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የጀመሩት፣ አሁን በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የሚመሩት ሥራ ነው፤ በነጻ የሚገኝ የሙድል ተጨማሪ ነው። ከእኛም ብዙ ሩቅ አይደለም፤ በኬንያ የማሴኖ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህራን ሲገለገሉበት ቆይተዋል።

ከኋላው ማክሲማ የሚባል የአልጀብራ ፕሮግራም አለ፤ ሥሩ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሥርዓት ነው።

 

ዋናው ነገር አሠራሩ ነው። ተማሪው መልሱን እንደ አገላለጽ ይጽፋል፤ ስታክ መጀመሪያ «የጻፍከውን እንዲህ ተረድቼዋለሁ» ብሎ በቀመር መልክ መልሶ ያሳየዋል። 1/2 ብሎ ኤክስን ያስከተለ ተማሪ ኤክሱ ከላይ ይሁን ከታች በዓይኑ ያያል፤ ካልተስማማው ቅንፍ ይጨምራል። በአጻጻፍ ስህተት ነጥብ አይቆረጥበትም፤ ነጥብ የሚነካው መልሱ ከታረመ በኋላ ነው። ይህ አንድ ነገር ብቻ ስንት አቤቱታ ያስቀራል!

ከዚያ እርማቱ ይጀምራል። እርስዎ የመልስ ዛፍ ይሠራሉ፦ መልሱ ከትክክለኛው ጋር በአልጀብራ እኩል ከሆነ ሙሉ ነጥብ፤ ካልሆነ ግን የታወቀውን ስህተት ሠርቶ እንደሆነ ይመርምር። ለኢንቲግራል የተዘጋጀ የራሱ መመርመሪያ አለው፤ ተማሪው ቋሚውን ከረሳ «የኢንቲግሬሽን ቋሚውን ዘንግተሃል» ይለዋል፣ ከኢንቲግራል ይልቅ ዴሪቬቲቭ ሠርቶ እንደሆነም ይለያል። የሰንሰለት ሕግን የውስጥ ዴሪቬቲቭ የሚረሱትን ተማሪዎች እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቋቸዋል፤ ለእነሱ አንድ ቅርንጫፍ ይጨምሩና የሚላቸውን ይጻፉ።

ለ«ፋክተር አድርግ» ጥያቄ በአልጀብራ እኩል መሆኑን ብቻ ከፈተሹ ግን ይሸወዳሉ። የኤክስ ካሬ ሲደመር 5ኤክስ ሲደመር 6 ተሰጥቶት ያንኑ መልሶ የጻፈ ተማሪ ከትክክለኛው መልስ ጋር እኩል ነውና ሙሉ ነጥብ ይወስዳል። ቅርጹን የሚፈትሽ ለብቻው መመርመሪያ አለ፤ እሱን ይጠቀሙ።

ሰርቨር_ቤት

ስታክ ጥሩ ነው፤ ከሰርቨር በኩል ያለውን ግን ልጨምር። በጋራ የተከራያችሁት ርካሽ ቦታ ላይ ቢሆን ኖሮ አይሆንም እል ነበር፤ ማክሲማ በሰርቨሩ ላይ መጫን አለበትና። የራሳችሁ ስለሆነ ይቻላል። ስታክ ብቻውን አይሠራም፤ ሦስት የጥያቄ ባሕርይ (ጥያቄው ለተማሪው መልስ መቼና እንዴት ምላሽ እንደሚሰጥ የሚወስን) ተጨማሪዎች አብረውት መጫን አለባቸው። አይሲቲውን ሲጠይቁ አንድ ላይ ይጠይቁ፤ አለበለዚያ አንዱ ተጭኖ ሌላው እስኪጫን ሴሚስተሩ ያልቃል።

ጭነቱም አለ። እያንዳንዱ «አረጋግጥ» የሚል ጠቅታ ማክሲማን ያስነሣል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከገባ ሰርቨሩ ይንገዳገዳል። የሴክሽኖቹን መዝጊያ ቀን ለያዩት። ጥያቄ ባንኩ ውስጥም የዕጣ ቁጥሮቹን አስቀድመው ያውጡና ያጽድቁ፤ ስታክ የተዘጋጁ ቅጂዎችን ብቻ እንዲያድል ማድረግ ይቻላል፤ ያልታየ ቁጥር ለተማሪ አይደርስም፣ ሰርቨሩም ያርፋል።

ከሲያትል_ወዲህ

ሰላም ወገኖቼ። እኔ በአሜሪካ በዋሽንግተን ስቴት በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አስተምራለሁ። እዚህ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ማይኦፕንማት የተባለውን ነው፤ እዚሁ ስቴት ፒርስ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ዴቪድ ሊፕማን የሠሩት ነው። ለተማሪ ነጻ ነው። ከበስተጀርባው ያለው ፕሮግራም ክፍት ስለሆነ በራስ ሰርቨር ላይም መጫን ይቻላል፤ ልክ እንደ ሙድል ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል የተባሉትን የሰርቨር ፕሮግራሞች ነው የሚፈልገው፣ ማክሲማ አያስፈልገውም።

እንዴት ያርማል ለሚል ሰው፦ የተማሪውን አገላለጽና ትክክለኛውን መልስ ወስዶ በተለያዩ የኤክስ ዋጋዎች ያሰላቸዋል፤ ውጤቶቹ ከተስማሙ እኩል ናቸው ይላል። ቀላልና ፈጣን ነው፤ ስታክ የሚሰጠውን ያህል ጠለቅ ያለ አስተያየት ለመጻፍ ግን አይመችም። የፋክተሩ ወጥመድ እዚህም አለ።

የተዘጋጀ የጥያቄ ክምችት የሚፈልግ ደግሞ ዌብወርክ አለለት፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፣ የክፍት ጥያቄዎቹ ቤተ መጻሕፍት ከ35,000 በላይ ጥያቄ ይዟል። ከሙድል ጋር የሚያገናኘው ኤልቲአይ የተባለው መስፈርት ነው፤ ተማሪው ኮርሱ ገጽ ላይ ያለውን ማያያዣ ይጫናል፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ይገባል፣ ነጥቡም ተመልሶ ይመጣል። ማገናኘት የምትፈልጉ ከሆነ ለእያንዳንዱ የቤት ሥራ የራሱን ማያያዣ አድርጉ፤ አንድ ማያያዣ ለሁሉም ካደረጋችሁ ነጥቡ ተደምሮ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ተማሪዎቹንም ሁልጊዜ በኮርሱ ገጽ በኩል እንዲገቡ ንገሯቸው። አድራሻውን ስልካቸው ላይ አስቀምጠው በቀጥታ የሚገቡት ሁሉንም ሠርተው ነጥብ መዝገቡ ላይ ባዶ ሆኖ ያገኙታል።

ጋሽ_ካልኩለስ

ሁላችሁም በመሣሪያው ፍቅር ወድቃችኋል። ሠላሳ ዓመት ግድም በጠመኔ አስተምሬያለሁ፤ ሒሳብ መልስ አይደለም፣ ሒሳብ ከአንድ መስመር ወደ ቀጣዩ መስመር የሚያሻግር ምክንያት ነው። ማሽናችሁ የመጨረሻዋን መስመር ያያል። «እንበል» ብሎ ጀምሮ «ስለዚህ» ብሎ መጨረስን የሚያስተምረው ማን ነው? ተማሪው በወረቀት ላይ የእኩል ምልክትን እንደ ነጠላ ሰረዝ ሲበትን አይቼ ነው የማርመው፤ ኮምፒውተሩ ያንን አያይም።

ኩረጃውንም ቀነስን አትበሉ። ቁጥሩ ቢለያይ አንዱ ቀመሩን ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፣ ሌሎቹ ቁጥራቸውን ያስገቡበታል። አሁን ደግሞ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ የሚሠራለት ፕሮግራም በየስልኩ አለ።

ሁለተኛ_ዓመት

መምህሮቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና እንደ ተማሪ ልናገር። አምና በዚህ መንገድ የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር፤ የት እንደሆነ አልጠቅስም።

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ ቀመሩ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ነገር ግን የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ጥያቄው ካልገባን ነው። ያኔ የቤት ሥራው የሚለን ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ «ስህተት»። ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ሦስት ጊዜ «ስህተት» አለን፣ ከዚያ ተዘጋ። ምን ልንማር እንችላለን? ምልክት ብቻ ተሳስተን ይሁን ጭራሽ መንገዱ ጠፍቶን ይሁን አናውቅም። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ፍንጭ እንኳ አንድ መስመር በአማርኛ ቢታከልበት ለብዙዎቻችን ትልቅ ነገር ነበር።

ሌላው ስልክ ነው። ዶርማችን ውስጥ ላፕቶፕ ያለው አንድ ልጅ ነው፤ የቀረነው በስልክ እንሠራለን። የስልክ ኪቦርድ ላይ የኃይል ምልክቷን ለማግኘት ሁለት ገጽ መገልበጥ አለብን፤ ምን እንደምትመስል የማያውቅም ነበር። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፣ ያን ጊዜ የራሳችንን ፓኬጅ እንጠቀማለን።

የመዝጊያ ሰዓቱንም እንዳትረሱት። ገጹ «6:00 ፒኤም» ይላል። እኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው ብለን ከእራት በኋላ ለመሥራት ቀጠሮ ያዝን። ሲስተሙ ግን የዘጋው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ግማሽ ክፍል ዜሮ አገኘ።

አልጀብራ_በጠዋት

የሰዓቱ ነገር በፍጹም አልታሰበኝም ነበር። መዝጊያውን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቀኑንም በሁለቱም ዘመን እጽፋለሁ።

ሙከራው ሦስት ጊዜ ተብሎ መገደቡስ ግዴታ ነው? ለቤት ሥራ የትኛውን የሙድል ባሕርይ ልምረጥ?

ቀመር_ሰሪ

ግዴታ አይደለም። «በብዙ ሙከራ ተግባቢ» የሚባለውን ባሕርይ ይምረጡ፤ ተማሪው ሲሳሳት ፍንጭ ያሳየዋል፣ እንደገና ይሞክራል፣ በየሙከራው የሚቀነሰውን መጠን እርስዎ ይወስናሉ። ነባሪው አንድ ሦስተኛ ነው፤ ለቤት ሥራ ይከብዳል፣ 10 በመቶ በቂ ነው። ስታክን ሲያስገቡ ብዙ ክፍል ላላቸው ጥያቄዎች አብሮት የሚመጣው «ተስማሚ» (አዳፕቲቭ) የሚባለው ባሕርይ ይሻላል።

የጊዜ ገደብ በፍጹም አያድርጉ፤ ፈተና አይደለምና። ሙድል የተጻፈውን መልስ በራሱ በየደቂቃው ያስቀምጣል፤ መብራት ቢጠፋ ተማሪው ተመልሶ ሲገባ ካቆመበት ይቀጥላል። የጊዜ ገደብ ካለ ግን ሰዓቱ በጨለማም ይቆጥራል። የታመመ ወይም መስመር የጠፋበት ተማሪ ሲመጣ የሁሉንም መዝጊያ አይንኩ፤ ለአንድ ተማሪ ብቻ ቀኑን የሚያራዝም ማስተካከያ እዚያው አለ።

የሙድል የስልክ መተግበሪያ ጥያቄዎችን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማሠራት ይችላል፤ ሆኖም እርማቱን መጨረሻ ላይ በሚሰጠው ባሕርይ ብቻ ነው፣ ስታክም አይሆንም። ስለዚህ ለቁጥራዊዎቹ አንድ ሁለት የቤት ሥራ እንደዚያ ቢያዘጋጁ ለክልል ልጆች ዕረፍት ላይ ይጠቅማቸዋል።

ለሁለተኛ_ዓመት፦ «ስህተት» ብቻ የሚል ጥያቄ ገና ያላለቀ ጥያቄ ነው። መምህሩ ጊዜውን ማጥፋት ያለበት ጥያቄ በማብዛት ላይ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ላይ ተማሪዎች የሠሯቸውን ስህተቶች እያነበበ ለእያንዳንዱ መልስ በመጻፍ ላይ ነው። በሳምንት አምስት እንደዚህ የተሠሩ ጥያቄዎች ከሠላሳ ደረቅ ጥያቄ ይበልጣሉ። አሮጌ የፈተና ወረቀት አትጣሉ የምለው ለዚህ ነው።

ከሲያትል_ወዲህ

ለጋሽ_ካልኩለስ፦ ስለ ፎቶው እውነትዎን ነው፤ እዚህም ያው ነው። እኛ ያደረግነው የቤት ሥራውን ክብደት ዝቅ ማድረግ ነው። ነጥቡ ትንሽ ሲሆን ለመኮረጅ የሚያስጎመጅ ነገር አይኖርም፤ ከዚያ በክፍል ውስጥ አጭር የወረቀት ፈተና ከዚያው የጥያቄ ባንክ ይወጣል። በራሱ የሠራ ይለያል።

ጋሽ_ካልኩለስ

የወረቀት ፈተናው ካለ ጥሩ። እኔ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ በእጅ የሚጻፍ ጥያቄ ጨምሩ እላለሁ። ማረጋገጫ ይሁን፣ ወይም «ይህ መፍትሔ የት ላይ ተሳሳተ፣ ለምን?» የሚል። ማሽኑ ተራውን እርማት ከወሰደላችሁ ያቺን አንዷን በትክክል ለማንበብ ጊዜ ታገኛላችሁ። ካላነበባችኋት ግን ይህ ሁሉ ድካም ከእርማት ለመሸሽ ነበር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መልሼ እመጣለሁ።

ሰርቨር_ቤት

ጋሼ፣ ያቺ አንዷ ጥያቄ በስልክ ፎቶ ተነሥታ ነው የምትሰቀለው። አራት ሜጋባይት ፎቶ በሦስት ገጽ ሲባዛ ሰርቨሩንም የተማሪውን ፓኬጅም ይጨርሳል። የሚሰቀለውን ፋይል መጠን ይገድቡ፣ ስልክ ላይ ገጾችን አሳንሶ ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጥ መተግበሪያ ያሳዩአቸው። ወይም፣ ለምን በወረቀት አይሰበሰብም? ክፍል ውስጥ እየተገናኛችሁ አይደለም እንዴ!

አልጀብራ_በጠዋት

በወረቀት ይሆናል፤ ጋሼም ደስ ይላቸዋል።

እንግዲህ እንዲህ አስቤያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ስለ ሎጂክና ስብስብ ስለሆኑ በሙድል ቁጥራዊና የምርጫ ጥያቄዎች እጀምራለሁ። የመጀመሪያው የቤት ሥራ ነጥብ የሌለው የጽሑፍ ልምምድ ይሆናል፤ የኃይል ምልክት፣ ቅንፍ፣ ማባዣ ኮከብ፣ ይህን ብቻ በስልካቸው እየጻፉ የሚለማመዱበት። ስታክ እስኪጫን ድረስ የፈንክሽንና የዴሪቬቲቭ ጥያቄዎችን በወረቀት እቀጥላለሁ። የውጭውን ማገናኘት ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ መስመራችን በየጊዜው እየተቋረጠ ነጥብ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ አልፈልግም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ኮርሱን አብረውኝ የሚያስተምሩ ሌሎች መምህራን አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ የኮርስ ገጽ አለው። ጥያቄዎቹን እንደገና መጻፍ አለባቸው?

ሰርቨር_ቤት

የለባቸውም። ጥያቄ ባንኩን በሙድል ኤክስኤምኤል መልክ ያውጡት፤ ስሌታዊዎቹም የስታክ ጥያቄዎችም ከነፍንጫቸው ይወጣሉ፣ እነሱ በገጻቸው ያስገቡታል። በየሴሚስተሩ መጨረሻም ያንኑ ፋይል ከሰርቨሩ ውጭ በፍላሽም ቢሆን ያስቀምጡ።

አንድ የሙከራ ተማሪ አካውንትም ይክፈቱ። የመምህር አካውንት መዝጊያው ካለፈም በኋላ ስለሚያሳይዎት አይመኑት። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ በዚያ አካውንት፣ በርካሽ ስልክ፣ ዋይፋዩን አጥፍተው ይሥሩት።

ሁለተኛ_ዓመት

ስልክ ካስፈለገ የእኔ አለ፤ ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ለሙከራ ግን በጣም ተስማሚ ነው።